እግር ሲሞቅ ግፊት ለምን ይወርዳል?

የወገብ መርፌ ከተወጉ አዛውንቶች ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚናገሩት ስለ መደንዘዝ አይደለም። ባለሙያው መርፌውን ነቅሎ በጀርባቸው ካስተኛቸው በኋላ “አባባ፣ ምን ይሰማዎታል?” ብሎ ሲጠይቃቸው፣ “እግሬን ሞቀኝ ልጄ” ይላሉ። መክበዱና መደንዘዙ ከዚያ ይከተላል። ብዙም ሳይቆይ ክንዳቸው ላይ የታሰረው የግፊት መለኪያ ከቅድሙ ያነሰ ቁጥር ያሳያል።

እግር መሞቁና ግፊት መውረዱ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ናቸው። በወጣት ሰው ላይ ለውጡ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። የሰባና የሰማንያ ዓመት አዛውንት ላይ ሲሆን ግን በቅርብ መከታተልን ይጠይቃል። የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ እናቶች፣ ፕሮስቴታቸው ያበጠ አባቶች፣ በስኳር በሽታ እግራቸው የቆሰለ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው በዚህ ማደንዘዣ ነው። ስለዚህ በሰውነታቸው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቁ ለታማሚውም ለአስታማሚውም ይጠቅማል።

መርፌው የሚገባበት ቦታ

በተለምዶ “የወገብ መርፌ” ወይም “ግማሽ ሰውነት ማደንዘዣ” የምንለውን ባለሙያዎቹ “ስፓይናል” ይሉታል። ታማሚው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ትራስ አቅፎ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ጀርባውን ያጎብጣል። ጀርባው በሚቀዘቅዝ ማጽጃ ይጠረጋል። ከዚያ ረጅምና ቀጭን መርፌ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ይገባል። ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያሉት በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ዘለላዎች ናቸው። “ህብለ ሰረሰሬን ወግተው ሽባ ያደርጉኛል” ብለው ለሚሰጉ ሰዎች ይህ ዋናው መልስ ነው።

መርፌው በትክክል ሲገባ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ በኋላው በኩል ጠብ ጠብ ይላል። ባለሙያው ያን ሲያይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር የሚሆን መድኃኒት ቀስ ብሎ ይሰጣል። በብዛት የሚሠራበት ቡፒቫኬይን የተባለው ነው። ብዙ ጊዜ ግሉኮስ ስለሚቀላቀልበት ከአከርካሪው ፈሳሽ ይከብዳል፤ ታማሚው በተኛበት ወይም በተቀመጠበት አኳኋን ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም አውጉስት ቢር በኪል ከተማ በኮኬይን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1898 ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱም መርፌውም ተሻሽሏል፤ መሠረታዊ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ቀድመው የሚደነዝዙት ነርቮች

ነርቭ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እግርን የሚያንቀሳቅሱት ወፍራሞች ናቸው፤ ሕመምንና ቅዝቃዜን የሚያደርሱት ቀጫጭኖች ናቸው። ከቀጫጭኖቹ መካከል ደግሞ እኛ ሳናዛቸው ሌት ተቀን የሚሠሩ አሉ፤ ሲምፓቴቲክ ነርቮች ይባላሉ። ከሥራዎቻቸው አንዱ የደም ሥሮችን ጨበጥ አድርጎ መያዝ ነው። ከአልጋ ብድግ ስንል ደማችን ወደ እግራችን ወርዶ ራሳችንን እንዳንስት የሚጠብቁን፣ በብርድ ጊዜም የእግር ጣት ደም ሥሮችን አጥብበው ሙቀታችንን የሚቆጥቡልን እነሱ ናቸው።

ቀጭን ስለሆኑ መድኃኒቱ ቶሎ ያሸንፋቸዋል። እግር ገና እየተንቀሳቀሰ እነሱ ሥራ ያቆማሉ፤ ሙቀት ከመደንዘዝ የሚቀድመው ለዚህ ነው። ወደ እግር ደም ሥሮች የሚሄዱት ሲምፓቴቲክ ነርቮች ከህብለ ሰረሰር የሚወጡት በታችኛው ደረትና በላይኛው ወገብ አካባቢ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ እስከ እምብርት ድረስ ካደነዘዘ እነዚህ ነርቮች በሙሉ ማለት ይቻላል ተይዘዋል። እንዲያውም የደም ሥሮቹ መላላት ብዙውን ጊዜ ቆዳው ከደነዘዘበት ወሰን አልፎ ወደ ላይ ይዘልቃል። ባለሙያው አልኮል የነካ ጥጥ ሆድ ላይ እያስነካ “እዚህ ጋ ይቀዘቅዝዎታል?” እያለ የሚጠይቀው መድኃኒቱ የት እንደደረሰ ለማወቅ ነው።

ደም ቅዳዎች ሲላሉ ወደ እግር የሚወርደው ደም ይጨምራል። የጣቶችና የውስጥ እግር ቆዳ ሥር ደም ቅዳንና ደም መልስን በቀጥታ የሚያገናኙ አቋራጮች አሉ። በብርድ ጊዜ ይዘጋሉ፤ የሚቆጣጠሯቸው ነርቮች ሲደነዝዙ ግን ወለል ብለው ይከፈታሉ። በዚህ የተነሳ ቀዝቃዛ የነበረ የእግር ጣት በደቂቃዎች ውስጥ በበርካታ ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። አንሶላውን ገልጦ ላየ ሰው፣ ቅድም ያልታዩ ሥሮች በእግራቸው ላይ ተገትረው ይታያሉ፤ ቆዳው ላብ የለውም፣ ሲነካም ይሞቃል። እጃቸውን የዳሰሰ ግን ቀዝቃዛ ሊያገኘው ይችላል። ሰውነት ከወገብ በታች የላላውን ለማካካስ ከወገብ በላይ ያሉትን ደም ሥሮች ያጠባልና።

የደሙ ጭማሪ ሁሉም ቦታ እኩል አይደርስም። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቆዳው ነው፤ ጡንቻው የሚያገኘው ከዚያ ያንሳል። ይህን ልዩነት ወደ ኋላ ስለ ታመመ እግር ስናነሳ እንመለስበታለን።

ደሙ ከየት መጣ?

መርፌው ደም አይጨምርም። የነበረውን ደም ነው በሌላ መልክ የሚያከፋፍለው። በማንኛውም ሰዓት ከደማችን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው በደም መልሶች ውስጥ ነው። እነዚህ ሲላሉ ከወትሮው የበለጠ ደም ይይዛሉ፤ ወደ ልብ የሚመለሰው በዚያው ልክ ያንሳል። ደም ቅዳዎቹም ስለሰፉ ደሙ እንደ ቀድሞው አይገታም። መስኖ ያጠጣ ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ የበታች ማሳዎች መግቢያ ሁሉ አንድ ላይ ሲከፈት ውሃው ባይጎድልም በዋናው ቦይ ውስጥ ያለው ከፍታ ይወርዳል፣ ከፍ ብሎ ያለው ማሳ ይጠማል። በሰው ላይ የሚጠሙት አንጎል፣ ልብና ኩላሊት ናቸው።

ታማሚው ይህን በራሱ መንገድ ይናገረዋል። ያቅለሸልሸዋል፤ ያዛጋል፤ ያዞረዋል፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ይላል። ስፓይናል የወሰዱ አዛውንት ድንገት “አስመለሰኝ” ሲሉ ልምድ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው የግፊት መለኪያውን ነው። ማስመለሱ ከሆድ ሳይሆን አንጎል በቂ ደም ከማጣቱ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜ የሚያከብደው ለምንድን ነው?

በዕድሜ የገፋ ሰው ደም ቅዳዎች እየደረቁ ይሄዳሉ። ግፊት ሲወርድ የልብ ምትን አፍጥኖ፣ ደም ሥርን አጥብቦ የሚያስተካክለው የሰውነት ቅጽበታዊ ምላሽም ይዳከማል። የልብ ጡንቻ ስለሚደድር ልብ በደንብ እንዲረጭ ቀድሞ በደንብ መሞላት አለበት፤ የሚመለሰው ደም ትንሽ ሲያንስ እንኳ ይሰማዋል። ከዚህ ሁሉ ጋር የአዛውንቶች ሲምፓቴቲክ ነርቮች በእረፍት ጊዜም ከወጣቶቹ ይልቅ ጠንክረው ይሠራሉ። ግፊቱን ደግፎ ያቆመው እነሱ ስለሆኑ፣ በአንድ ጊዜ ሲደነዝዙ የሚጎድለው ብዙ ነው።

ብዙ ሰው “ግፊት የሚወርደው ደሙ እግር ላይ ስለሚከማች ነው” ብሎ ያስባል። እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉው ታሪክ አይደለም። የልብ ሕመም ባላቸው አዛውንት ወንዶች ላይ ደሙ የት እንደሚሄድ በተለካበት ጥናት የደም ግፊታቸው በአማካይ በአንድ ሦስተኛ ወረደ። ደም ሥሮች ለደም ፍሰት የሚያሳዩት መገታት በአንድ አራተኛ ያህል ቀነሰ። ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም ግን የቀነሰው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነበር። እግር ላይ የተጠራቀመው ተጨማሪ ደምም ከተጠበቀው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሌላ አነጋገር፣ በአዛውንቶች ላይ ግፊትን በዋናነት የሚያወርደው የደም ቅዳዎቹ መላላት ነው፤ የደም እግር ላይ መቅረት ሁለተኛ ነው።

ይህ ልዩነት በሕክምናው ላይ ለውጥ ያመጣል። ችግሩ የደም መጠን ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈሳሽ በመስጠት ብቻ ይቃለል ነበር። ነገር ግን የላላውን ደም ሥር ሳያጠብቁ ፈሳሽ ብቻ ማንቆርቆር ግፊቱን ብዙም አያነሳውም። መድኃኒቱ ሲለቅ ደግሞ ደም ሥሮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ያ ሁሉ ፈሳሽ መሄጃ ያጣል። ልቡ የደከመ ሰው በዚያ ሰዓት ሳንባው ውሃ ሊቋጥርና ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። የፊኛ ካቴተር ያልገባለት ደግሞ ሽንት ቋጥሮ ሊሰቃይ ይችላል።

የሞቀ እግር የዳነ እግር አይደለም

እግር በመሞቁ ብቻ “የደም ዝውውሩ ተስተካከለ” ማለት ይቻላል? የእግር ደም ቅዳዎች በስብና በካልሲየም የጠበቡባቸው፣ ጥቂት ሲራመዱ ባታቸውን የሚይዛቸው አዛውንቶች አሉ። ከጠበበው ቦታ በታች ያለው ጡንቻ ደም ስለተራበ ትንንሽ ደም ሥሮቹን አስቀድሞ የቻለውን ያህል ከፍቷቸዋል። ነርቮቹ ቢደነዝዙ ከዚያ በላይ የሚከፈት የለም። እንዲህ ያለው እግር የሚኖረው ከላይ በሚመጣው ግፊት ነው። ግፊቱ ብዙ ከወረደ ቆዳው ለብ ብሎ ሳለ ከሥሩ ያለው ጡንቻ ከበፊቱ ያነሰ ደም ሊያገኝ ይችላል።

ስኳር ለረጅም ዓመታት የቆየባቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ጠባይ ያሳያሉ። ስኳሩ ራሱ ሲምፓቴቲክ ነርቮቻቸውን ጎድቶ ሊሆን ስለሚችል የአንዳንዶቹ እግር ከመርፌውም በፊት ሞቃትና ደረቅ ነው። ሊደነዝዝ የሚችለው ቀድሞ ስለደነዘዘ እግራቸው ብዙም ለውጥ አያሳይም። ያ ማለት ግን ግፊታቸው አይወርድም ማለት አይደለም። ልባቸውን የሚያፈጥኑት ነርቮችም ተጎድተው ከሆነ ግፊት ሲወርድ ማካካስ ያቅታቸዋል። የቆሰለ እግር ለመቁረጥ ወይም ለማጽዳት የሚገቡ የስኳር ታማሚዎች የተለየ ክትትል የሚያስፈልጋቸው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ደም የመርጋት ነገር

የዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና ላደረጉ አዛውንቶች አንዱ ትልቅ ስጋት እግር ውስጥ የሚረጋ ደም ነው። የረጋው ደም ተላቆ ሳንባ ከገባ ሕይወት ያሳጣል። ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የፍሰቱ መቀዝቀዝ ስለሆነ፣ ወደ እግር የሚሄደውን ደም የሚጨምር ማደንዘዣ ሊከላከል ይችላል የሚል ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣና 141 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ይህን የሚደግፍ ውጤት አሳየ፤ በወገብ በኩል ማደንዘዣ የተሰጣቸው ሰዎች እግር ውስጥ ደም የመርጋቱ ነገር በ44 በመቶ ያነሰ ነበር።

ሆኖም ከእነዚያ ጥናቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ መርፌዎች እንደ ዛሬው በስፋት ከመሰጠታቸው በፊት ነው። ዛሬ ታማሚው መከላከያውን ይወስዳል፤ በማግሥቱ ከአልጋ እንዲነሳ ይደረጋል። በዚህ ዘመን በማደንዘዣዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ጠቧል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ፣ በአሜሪካና በካናዳ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 1600 የዳሌ ስብራት ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ስፓይናልን ከሙሉ ማደንዘዣ ጋር አነጻጽሮ ነበር። በ60ኛው ቀን የሞቱት ወይም ያለ ሰው እርዳታ መራመድ ያልቻሉት በስፓይናል በኩል 18.5 በመቶ፣ በሙሉ ማደንዘዣ በኩል 18 በመቶ ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ “ስፓይናል ስለወሰዱ ደም አይረጋባቸውም” ብሎ መከላከያውን ወይም ከአልጋ መነሳቱን ቸል ማለት ስህተት ነው።

በቀዶ ሕክምናው ክፍል

ጥሩ ባለሙያ ግፊት እስኪወርድ አይጠብቅም። ለአዛውንት የመድኃኒቱን መጠን ይቀንሳል። ቀዶ ሕክምናው አንድ እግር ላይ ከሆነ ታማሚውን በጎን አስተኝቶ ከባዱ መድኃኒት ወደ አንድ ወገን እንዲያጋድል ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔ አንዱ እግር ሞቆ ሌላው እንደነበረ ይቀራል፣ ግፊቱም ብዙ አይናወጥም። በመጀመሪያዎቹ 15 እና 20 ደቂቃዎች ግፊቱን በየሁለትና ሦስት ደቂቃው ይለካል። ከወረደ ፈሳሽ በልኩ ይሰጣል፤ ደም ሥርን የሚያጠብቅ መድኃኒትም ይጨምራል። እንደየሆስፒታሉ ይህ ኤፌድሪን፣ ፌኒሌፍሪን ወይም በጣም የቀጠነ አድሬናሊን ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን እግር ከፍ ማድረግ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ወደ ልብ ይመልሳል። አልጋውን በሙሉ ወደ ራስጌ ማዘንበል ግን አደጋ አለው፤ ከባዱ መድኃኒት አብሮ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። በፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ታማሚው እግሮቹ መስቀያ ላይ ተሰቅለው እስካሉ ግፊቱ ደህና ይመስላል። ሥራው አልቆ እግሮቹ ሲወርዱ፣ የላሉት ደም ሥሮች ደሙን መልሰው ይቀበሉታል፤ ግፊቱም በድንገት ሊያሽቆለቁል ይችላል። ስለዚህ እግሮቹ የሚወርዱት ቀስ ተብሎ ነው።

ሌላው ነገር ብርድ ነው። ወደ እግር ቆዳ የሄደው ሙቅ ደም የሰውነትን የውስጥ ሙቀት ይዞ ይወጣል። አዛውንቱ “አልበረደኝም” እያሉ ውስጣቸው እየቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል፤ የደነዘዘው የሰውነት ክፍል ብርዱን አይነግራቸውምና። የላይኛው ገላቸውን በብርድ ልብስ መሸፈን ቀላል መስሎ የሚታይ ትልቅ ነገር ነው።

ከታማሚውና ከቤተሰቡ የሚጠበቅ

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ለሰመመን ባለሙያው ማሳየት ያስፈልጋል፤ ስሙ ካልታወቀ ማሸጊያውን ይዞ መሄድ። ኢናላፕሪልና መሰል የግፊት መድኃኒቶች ከስፓይናል ጋር ተደርበው ግፊትን ይበልጥ ሊያወርዱ ስለሚችሉ ሐኪሙ የጠዋቱን እንዲያልፉት ሊያዝዝ ይችላል። እንደ አቴኖሎል ያሉት ደግሞ በድንገት መቋረጥ የለባቸውም። ዋርፋሪንና ክሎፒዶግሬልን የመሳሰሉ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች መርፌው በገባበት ቦታ ደም እንዲጠራቀምና ነርቭ እንዲጫን ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ ቀናት አስቀድመው ይቆማሉ። የትኛው ቆሞ የትኛው እንደሚቀጥል የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ ቤተሰቡ አይደለም። የልብ ቫልቭ መጥበብ ያለበት ሰውም ይህን ቀድሞ መናገር አለበት፤ ስፓይናል ላይመቸው ይችላል።

ጾሙም በልኩ ይሁን። ከሐኪሙ ትእዛዝ በላይ ለረጅም ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መቆየት ደምን ያሳንሳል። ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንቶች ብዙ ጊዜ ሆስፒታል የሚደርሱት ምግብና ውሃ ከቀነሱ በኋላ ስለሆነ፣ መቼ በመጨረሻ እንደጠጡና እንደሸኑ መናገር ይረዳል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድንዛዜው ለመልቀቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። እግር መንቀሳቀስ ጀመረ ማለት ደም ሥሮቹ ወደ ሥራቸው ሙሉ በሙሉ ተመለሱ ማለት አይደለም፤ አባትን “ተነሥ እስኪ” ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆም ራስን ያስታል። መጀመሪያ የአልጋውን ራስጌ ቀና ማድረግ፣ ቀጥሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ፣ ካላዞራቸው በባለሙያ ፈቃድ ደግፎ ማቆም። በደነዘዘ እግር ላይ ትኩስ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ እግሩ ቀድሞውኑ ሞቋል፣ ቢቃጠልም አይታወቃቸውም። ተረከዛቸው ፍራሽ ላይ ለሰዓታት ተጭኖ እንዳይቆስልም ከባቱ ሥር ትራስ ማድረግ ጥሩ ነው።

ቤተሰብ ይዞ ከሚሄደው መረጃ ሁሉ ግን የሚበልጠው አንድ ቁጥር ነው፦ የአዛውንቱ የዘወትር ግፊት። 110 የሚል ንባብ ለማንም ደህና ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ 160 ላይ ለኖረ ሰው ግን 110 ማለት አንጎሉና ኩላሊቱ ከለመዱት ሲሶ ያህል ጎደለባቸው ማለት ነው። ባለሙያው “ወረደ” ወይም “ደህና ነው” የሚለው ከምን ተነሥቶ እንደሆነ የሚያውቀው ያን ቁጥር ሲያገኝ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው እቤት፣ የክትትል ካርዱ ላይ ነው።